የመተሐራ ዝንጀሮ እና የግብጽ አማልክት

የጥንት ግብጽ ወሬ በተነሳ ቁጥር በእኛ ሰፈር ሁለት ዓይነት ሰው ይነሳል። አንደኛው «እንስሳ ሲያመልኩ የኖሩ ሰዎች» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይዘጋዋል። ሁለተኛው «ፈርዖኑም፣ ጥበቡም፣ አማልክቱም ከእኛ የሄዱ ናቸው» ብሎ በሌላ ዐረፍተ ነገር ይወርሰዋል። የመጀመሪያው ንቀት ነው፤ የሁለተኛው ምኞት ነው። ማስረጃው ግን ከሁለቱም የበለጠ የሚደንቅ ነገር ይዟል። የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩን ከካይሮ ሳይሆን ከአዳማ እንጀምረው። ከአዳማ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ወለንጪቲን አልፋችሁ፣ በጠቅላላው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ መተሐራ ትደርሳላችሁ። የበሰቃ ሐይቅ አለ፣ የፈንታሌ ተራራ አለ፣ ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በዚህ መስመር የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ የሚያውቃቸው ዝንጀሮዎች እዚህ ይኖራሉ። ወንዱ ከትከሻው እስከ ወገቡ እንደ ካባ የወረደ ብርማ ጠጉር አለው፤ ፊቱ ቀላ ይላል። ሴቶቹ ቡናማና አነስ ያሉ ናቸው። ኦሮምኛ ተናጋሪው ዝንጀሮን ጀልዴሳ ይለዋል፤ ይህን ዓይነቱን የሳይንስ ሰዎች ሐማድርያስ ይሉታል። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ይነቃሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ከዚያ ወርደው ለምግብ ይበተናሉ።

ይህ እንስሳ የዛሬ 3 ሺሕ ዓመት ግብጽ ውስጥ ከአማልክት ተርታ ተቀምጦ ነበር። የሉክሶር ሐውልት ሥር እጃቸውን ወደ ላይ የዘረጉ ዝንጀሮዎች ተቀርጸዋል። በአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ ፊት፣ ከግዙፎቹ የራምሴስ ምስሎች በላይ፣ ፀሐይን የሚቀበሉ ዝንጀሮዎች በረድፍ ተቀምጠዋል። በቱታንካሙን መቃብር የምዕራብ ግድግዳ ላይ 12 ዝንጀሮዎች ተሥለዋል። ምክንያቱ ከእንስሳው ጠባይ የመጣ ነው። ዝንጀሮ ንጋት ላይ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ይጮኻል፤ ግብጻውያን ያንን ጩኸት እንደ ምስጋና ሰሙት። የጽሕፈት፣ የቁጥርና የጨረቃ አምላክ ለሚሉት ለቶትም ምስሉ አደረጉት። በአጭሩ የጸሐፊዎች ጠባቂ ዝንጀሮ ነበር።

■ ዝንጀሮው ከየት መጣ?

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። ግብጽ ውስጥ የዱር ዝንጀሮ የለም። በፈርዖኖቹ ዘመንም እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ስለዚህ አምላክ ያደረጉት እንስሳ ከሌላ አገር በመርከብ ወይም በየብስ የሚመጣ ዕቃ ነበር ማለት ነው።

ከየት? በንግሥት ሐትሸፕሱት ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ ፑንት ወደሚባል አገር የሄደው ጉዞ በደይር ኤል-ባሕሪ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ከነሥራቸው የተነቀሉ የዕጣን ዛፎች፣ ወርቅና ዝንጀሮዎች ወደ መርከብ ሲጫኑ ይታያል። ፑንት የት እንደነበረች ግን ግድግዳው አይናገርም፤ ምሁራኑ ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩ ኖረዋል።

ክርክሩን ወደ ፊት የገፋው ራሱ ዝንጀሮው ነው። አንድ እንስሳ በልጅነቱ የሚበላውና የሚጠጣው የአካባቢውን ዐለት ኬሚካላዊ አሻራ ይዞ ጥርሱ ውስጥ ይቀመጣል። ጥርስ ካደገ በኋላ ስለማይለወጥ የትውልድ ቦታን እንደ መታወቂያ ይዞ ይኖራል፤ አጥንትና ጠጉር ግን በኋላ የኖረበትን አገር ይመዘግባሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት በብሪቲሽ ሙዚየም ካሉ ማሚ የሆኑ ዝንጀሮዎች በተወሰደ ናሙና ላይ ይህን አሻራ መረመረ። ያመለከተው አካባቢ የዛሬዎቹን ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ጅቡቲ በአብዛኛው፣ ከሶማሊያና ከየመንም ከፊሉን ያካትታል። በ2023 ደግሞ ሌላ ቡድን ከሉክሶር አጠገብ ባለው «የዝንጀሮዎች ሸለቆ» ከተገኘ በድን የዘር ቅንጣት ማውጣት ቻለ። እንስሳው ግብጽ ውስጥ የኖረው በግምት ከ800 እስከ 540 ቅ.ል.ክ. ባለው ጊዜ ነው። የእናት ወገን ዘሩ የተዛመደው በኤርትራ ጠረፍና በአጎራባቹ አካባቢ ከሚኖሩ ሐማድርያሶች ጋር ሆነ፤ ማለትም በኋላ አዱሊስ ወደብ የተነሳችበት አካባቢ።

አዱሊስ ስትባል አንድ ነገር ልጨምር። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ፕሊኒ ከዚያ ወደብ የሚወጡትን ዕቃዎች ሲዘረዝር የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድ፣ የጉማሬ ቆዳ፣ የኤሊ ድንጋይ፣ ጦጣና ባሪያ ይላል። ጦጣውና ሰው በአንድ መስመር ነው የተጻፉት። የጥንቱን ንግድ «ሥልጣኔያችን» ብለን ስንኮራበት ያንን መስመርም አብረን ማንበብ አለብን።

እንግዲህ የመተሐራው ዝንጀሮ የፈርዖን አምላክ ነበር? ዝርያው አዎ፤ ያ መንጋ ግን ስለመሆኑ ማስረጃ የለም። የዘር ምርመራው ያመለከተው ወደ ሰሜንና ወደ ባሕሩ ጠረፍ ነው። አዋሽም ቢሆን ከዓባይ ጋር የማይገናኝ ወንዝ ነው፤ ከደጋ ተነስቶ፣ በአዳማ ደቡብ አልፎ፣ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። ስለዚህ «የቶት ዝንጀሮ ከመተሐራ ተነሳ» የሚል ልጥፍ ካያችሁ ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት ካርታ ተመልከቱ። ማለት የምንችለው ይህን ነው፦ ግብጻውያን ከሩቅ አስመጥተው ያመለኩትን እንስሳ እኛ ዛሬም በነጻነቱ ከመንገድ ዳር እናየዋለን። ይህ ለብቻው በቂ ነው፤ ማጋነን አያስፈልገውም።

በነገራችን ላይ የአዋሽ ፏፏቴ አካባቢ በዓለም ያሉ የዝንጀሮ ተመራማሪዎች ሁሉ የሚያውቁት ቦታ ነው። ከወንዙ ላይኛው ወገን የሚመጣው ሌላ ዓይነት ዝንጀሮና የታችኛው ሐማድርያስ እዚያ ይገናኛሉ፣ ይዳቀላሉም። ይህ ሁለተኛው ዓይነት በሳይንስ ስሙ ማን ይባላል? አኑቢስ። አፈ ሙዙ የውሻ ስለሚመስል የግብጹን ባለ ቀበሮ ራስ አምላክ ስም ሰጡት።

■ በእርግጥ እንስሳ ያመልኩ ነበር?

ግማሽ እውነት ነው። ለግብጻዊው ካህን እንስሳው አምላኩ የሚገለጽበት ምስል ነበር። ጭልፊት ሰማዩን ስለሚገዛ የሆረስ ነው። ሴት ጉማሬ ግልገሏን ለመጠበቅ ማንንም ስለማትምር የወላዶች ጠባቂ የታዌሬት ናት። አዞ ከወንዙ ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ የሶቤክ ነው። ዝርያው ሁሉ አምላክ ነው አላሉም። በሜምፊስ ከተማ አፒስ የሚባለው ኮርማ በአንድ ዘመን አንድ ብቻ ነበር፤ በልዩ ምልክቶቹ ይመረጣል፣ ሲሞት በክብር ይቀበራል፣ ከዚያ ሌላ ይፈለጋል። የአፒሶቹን የምድር ውስጥ መቃብር ፈረንሳዊው ኦጉስት ማሪየት እ.ኤ.አ. በ1851 ሳቃራ ላይ ከፈተው። የተቀረው የአገሩ በሬ ሁሉ ግን ያርስ ነበር፣ ይታረድም ነበር።

አገሩም አንድ ልብ አልነበረውም። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው በፋዩም አካባቢ አዞ ጌጥ እየተደረገለት ይቀለባል፤ በኤለፋንቲን ያሉት ደግሞ ይበሉታል።

እኛም ብንሆን ከዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ሩቅ አይደለንም። በሳንቲማችን ላይ የአንበሳ ራስ አለ፤ የከተማ አውቶቡሳችን አንበሳ ነው። ኦርቶዶክሱ ኅዳር 8 የአርባዕቱ እንስሳን በዓል ያከብራል፤ ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላሕም፣ ገጸ ንስር። ከሺሕ ዓመት በኋላ አንድ ቆፋሪ አንድ ሳንቲምና አንድ የአውቶቡስ በር አግኝቶ «ኢትዮጵያውያን አንበሳ ያመልኩ ነበር» ብሎ ቢጽፍ ምን ይሰማችኋል? ልዩነቱን አልሸሽግም፤ በግብጽ መሥዋዕትና ሥርዓት ለምስሉ ይቀርብ ነበር፣ ሙሴም የወርቅ ጥጃውን የፈጨበት ምክንያት ነበረው። ግን አንድን ሕዝብ ከመናቅ በፊት ምን አይቶ እንዲህ እንዳሰበ መጠየቅ ይገባል። የቆቃና የዝዋይ ዳር ገበሬ ጉማሬ ሌሊት ከውኃ ወጥታ ማሳውን ምን እንደምታደርገው ያውቃል። የምትፈራውን ነገር ጠባቂህ እንዲሆን መለመን ለእርሱ እንግዳ ሐሳብ አይሆንበትም።

■ አንገት ላይ የሚታሰረው

ተራው ግብጻዊ በትልልቆቹ ቤተ መቅደሶች ውስጠኛ ክፍል አይገባም ነበር። የእርሱ ሃይማኖት አንገቱ ላይና እጁ ላይ የታሰረው ነው። የጣት ጫፍ የምታክል የእንቁራሪት፣ የጉማሬ፣ የድመት፣ የጭልፊት ምስል። ብዙዎቹ ፋያንስ ከሚባል ነገር የተሠሩ ናቸው። ፋያንስ ሸክላ አይደለም፤ የተፈጨ ነጭ ድንጋይ ከአመድ ጨውና ከጥቂት መዳብ ጋር ተለውሶ ሲጋገር በራሱ ጊዜ ሰማያዊ ብርጭቆ የመሰለ ፊት ያወጣል። ሰማያዊና አረንጓዴ የውኃና የቡቃያ ቀለም ናቸው፤ ትርጉማቸው ዳግም ሕይወት። በአዲሱ መንግሥት ዘመን በሸክላ ቅርጽ ማውጫ እየተጨፈለቁ በብዛት ይመረቱ ስለነበር ደሃውም ማግኘት ይችል ነበር።

እያንዳንዱ ቅርጽ ሥራ ነበረው። እርጉዝ ሴት ታዌሬትን ወይም እንቁራሪቷን ሄኬትን ታስራለች። እንቁራሪት የዓባይ ውኃ ሞልቶ በሸሸ ቁጥር ከጭቃው በእልፍ ስለምትወጣ የመራባት ምልክት ናት፤ በግብጽ አጻጻፍ መቶ ሺሕን የሚወክለው ፊደል የእንቁራሪት ግልገል ነው። ያንን ጎርፍ ያመጣው የእኛ ደጋ ክረምት መሆኑን ልብ በሉ።

ከሁሉ የበዛው ግን ጢንዚዛዋ ናት። እበት አድቦልቡላ በኋላ እግሯ እየገፋች የምትሄደዋን የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም። ግብጻውያን ከዚያ ኳስ ውስጥ ግልገል ሲወጣ አይተው «ከምንም የሚፈጠር» አሉ፤ የንጋት ፀሐይንም የምትገፋው እርሷ ናት ብለው ኬፕሪ የሚል ስም ሰጡ። የስሙ ሥር «መሆን» የሚለው ግስ ነው። ሰው ሲሞት ደግሞ ትልቅ የድንጋይ ጢንዚዛ ደረቱ ላይ ያኖሩለታል። በሆዷ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ የሟቹን የገዛ ልብ «በፍርድ ቀን አትመስክርብኝ» ብሎ የሚማጸን ነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት፤ ሰው ከሁሉ በላይ የፈራው ሌላ ከሳሽ ሳይሆን የራሱን ልብ ነበር።

ፖለቲካውም በጢንዚዛ ነበር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. የነገሠው አሜንሆቴፕ 3ኛ ጋብቻውን፣ የአደን ጀብዱውን፣ ያስቆፈረውን ሐይቅ በጢንዚዛ ሆድ ላይ እያስቀረጸ በየአገሩ ይበትን ነበር። ከ200 በላይ ተገኝተዋል። በአንደኛው በዐሥር ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ አንበሳ በገዛ ፍላጻው እንደገደለ ይናገራል። የቤተ መንግሥት መግለጫ ጥንትም እንዲሁ ነበር፤ የሚያጣራ አልነበረም።

የእኛ አሸንክታብስ? ልዩነቱ ከስሙ ይጀምራል። ክታብ «ከተበ» ከሚለው ቃል ነው፤ ኃይሉ የተጻፈው ቃል ላይ ነው። በብራና ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ፣ በቆዳ ተሰፍቶ ይታሰራል። በሙስሊሙም ዘንድ ሒርዝ የሚባለው መሠረቱ ጽሑፍ ነው። የግብጹ ግን ብዙውን ጊዜ ቅርጹ ብቻ ይበቃዋል። ፊደል ለማያውቅ ሕዝብ ቅርጽ ራሱ ፊደል ነበር። ልጅን ከዓይን፣ ወላድን ከሞት፣ መንገደኛን ከእባብ የመጠበቁ ጭንቀት ግን አንድ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው እናት ቢያንስ አንድ ልጅ ትቀብር እንደነበር ያሰበ ሰው በዚያች ሰማያዊ እንቁራሪት አይስቅም።

■ ወደ እኛ የደረሰው

ከእኛ ወደ እነሱ ዝንጀሮና ዕጣን ሄደ ካልን ከእነሱስ ወደ እኛ ምን መጣ? ጥቂት ነገር፣ ግን የሚጨበጥ። በአክሱም አጠገብ ሐውልቲ በተባለው የቅድመ አክሱም ሥፍራ በተደረገው ቁፋሮ የግብጽ ዓይነት ትናንሽ የፋያንስ አሸንክታቦች ተገኝተዋል፤ የፕታሕና የላሚቱ አምላክ የሐቶር ምስል ያለባቸው። እንግዲህ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰሜን ኢትዮጵያ አንድ ሰው የግብጽ ምስል አንገቱ ላይ አስሮ ይሄድ ነበር፤ ወይም ቢያንስ ቤቱ አስቀምጦት ነበር። ያመነበት ይሁን ወይም እንደ ጌጥ የገዛው ድንጋዩ አይነግረንም።

ሁለተኛው የበለጠ ይገርማል። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 አገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ከአክሱም የተገኘ አንድ የግብጽ ድንጋይ ሥዕል አወጣ። ሕፃኑ ሆረስ ሁለት አዞዎች ላይ ቆሞ በእጆቹ እባብና ጊንጥ ጨብጧል። ይህ ዓይነቱ ድንጋይ በግብጽ የታወቀ መድኃኒት ነበር። ውኃ በጽሑፉና በምስሉ ላይ ይፈስሳል፤ ያ ውኃ ይጠራቀምና እባብ ወይም ጊንጥ የነደፈው ሰው ይጠጣዋል።

ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ወዲያው ጠበል ትዝ ይለዋል፤ በሉሕ ላይ የተጻፈ የቁርዓን ቃል ታጥቦ ለሕመምተኛ መሰጠቱም ትዝ ይለዋል። ነገር ግን መመሳሰል ውርስ አይደለም። ውኃና ቅዱስ ቃል በብዙ አገር ተገናኝተዋል። አንድ ድንጋይ ከግብጽ አክሱም መድረሱ ንግድ መኖሩን ያሳያል፤ እምነት መተላለፉን ለማሳየት ግን ብዙ ተጨማሪ ማስረጃ ይፈልጋል። ይህን ልዩነት መጠበቅ ታሪክን ከተረት የሚለየው አጥር ነው።

■ ቅድስናው ያላዳናቸው

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። «ቅዱስ» የተባለ እንስሳ በሰላም የኖረ ይመስለናል። ሄሮዶቱስ ጭልፊትን ወይም አይቢስ የምትባለውን ወፍ የገደለ ሰው፣ ባያውቅ እንኳ፣ በሞት ይቀጣ ነበር ይላል። ዲዮዶሮስ የተባለው ጸሐፊ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ግብጽን ሲጎበኝ ድመት የገደለ አንድ ሮማዊ በሕዝብ እጅ ሲገደል አይቻለሁ ብሏል፤ ንጉሡም ሊያድነው አልቻለም።

ይኸው አገር ግን በዚያው ዘመን እንስሳትን በሚሊዮን ያስገድል ነበር። በኋለኞቹ መቶ ዘመናት ተሳላሚው ወደ ቤተ መቅደስ ሲመጣ ለአምላኩ ስለት የሚሆን ማሚ ይገዛል፤ ለቶት አይቢስ፣ ለባስቴት ድመት፣ ለአኑቢስ ውሻ። ተሳላሚው ሲበዛ የሚታረደውም በዛ። በሳቃራና በቱና ኤል-ገበል የተቀበሩት አይቢሶች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። በሳቃራ የአኑቢስ ዋሻዎች ብቻ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጉ እንስሳት እንደነበሩ ተመራማሪዎች ይገምታሉ፤ አብዛኞቹ ገና በተወለዱ በሰዓታት ወይም በቀናት የሞቱ ቡችሎች ናቸው።

ገበያ ባለበት ማጭበርበርም አለ። በማንችስተር ተመራማሪዎች ከ800 በላይ የእንስሳት ማሚዎችን በራጅና በስካን ሲመረምሩ አንድ ሦስተኛው ገደማ ብቻ ሙሉ እንስሳ ነበር። ሌላው ሦስተኛ ቁርጥራጭ አጥንት፣ የቀረው ደግሞ ምንም እንስሳ የሌለበት፣ ጭቃና ጭራሮ የተጠቀለለበት ጨርቅ። አማኙ ገንዘቡን ከፍሎ ጭቃ ተሸክሞ ሄደ። አንዳንዶች ይህ ማታለል ሳይሆን ለአምላኩ በቂ ተደርጎ የተቆጠረ ምሳሌ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ተራው ተሳላሚ ግን ውስጡን እንዳያይ በጥሩ ጨርቅ መታሰሩን አስታውሱ።

የተከበሩት ዝንጀሮዎችስ? ከዚያው የዝንጀሮዎች ሸለቆ የወጡ የቢያንስ 36 ዝንጀሮዎች አጥንት ተመርምሮ በ2023 ውጤቱ ታተመ። አብዛኞቹ አጥንታቸው የጎበጠና የተጣመመ ነበር፤ ምግብ የጎደላቸውና ፀሐይ ያላገኙ መሆናቸውን ያሳያል። ነገሩን አስተውሉት። ፀሐይን ያመሰግናል ተብሎ የተመለከ እንስሳ ፀሐይ በማያይበት ግቢ ተዘግቶ በሪኬትስ ታመመ። በግድግዳው ላይ እጁን ወደ ንጋት ዘርግቷል፤ በበረቱ ግን ንጋት አልነበረም።

በመጨረሻ ክብሩም አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1890 ወደ 180 ሺሕ የሚጠጉ የድመት ማሚዎች፣ 19 ቶን ገደማ፣ ወደ ሊቨርፑል ተጭነው ለእርሻ ማዳበሪያ ተሸጡ። በአንድ ዘመን ሰው የሞተላቸው ድመቶች የእንግሊዝ ማሳ ላይ ተበተኑ።

■ የዝዋይዋ ወፍ

ከላይ አይቢስ ያልኳችሁን ወፍ አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። ነጭ ላባ፣ ጠጉር የሌለው ጥቁር ራስና አንገት፣ እንደ ማጭድ የተቆለመመ ረጅም ጥቁር ምንቃር። በባቱ ከተማ ዝዋይ ዳር ዓሣ በሚወርድበት አካባቢ ከአባ ኮዳ ጎን ስትለቅም ትታያለች። ቶት ራሱ ብዙ ጊዜ የሚሣለው በእርሷ ራስ ነው። ሙሉ የሳይንስ ስሟ ውስጥ «ኤትዮፒከስ» የሚል ቃል አለ፤ የኢትዮጵያ ማለት ነው። በዓለም ቋንቋዎች ደግሞ «ቅድስት አይቢስ» ትባላለች።

ይህች ወፍ ከግብጽ ጠፍታለች። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ የዱር አይቢስ እዚያ አልቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የዘር ጥናት በጥንታዊዎቹ ማሚዎች ውስጥ ያለው የዘር ልዩነት ከዛሬ የዱር ወፎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝቶታል። ከትውልድ ትውልድ በአጥር ውስጥ ተረብተው ቢሆን ኖሮ ዘራቸው ይጠብብ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ከረግረጉ እየተያዙ፣ ለአጭር ጊዜ እየተቀለቡ፣ ከዚያ ለስለት የሚቀርቡ ነበሩ ማለት ነው። ይህ ሁሉ እልቂት ግን አላጠፋቸውም። የማይመለስ ሆኖ የጠፋባቸው ነገር ረግረጉና ደንገሉ ነበር። የሚኖሩበት ውኃ ዳር ለእርሻ ሲደርቅ፣ አደኑም ሲጨመርበት፣ ሄዱ።

ስለዚህ ነው ይህ ታሪክ የእኛ ጉዳይ የሚሆነው። ግብጽ ያጣችውን ወፍ እኛ አለን። ከሩቅ ያስመጣችውን ዝንጀሮ እኛ አለን። ጉማሬዋም፣ አዞዋም፣ ጭልፊቷም፣ ጢንዚዛዋም ከቆቃ እስከ ሻላ ባለው የስምጥ ሸለቆ ምድር በሕይወት አሉ። የምንኖርበት አካባቢ የግብጽ አማልክት በሙሉ በአካል የሚታዩበት ነው ማለት ይቻላል።

ግን እስከ መቼ? አቢጃታ ሐይቅ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ግማሽ ያህል ስፋቱን አጥቷል። የሚመግበው የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ የሚመጣ ነው፤ ዝዋይ ላይ ውኃው ለመስኖ፣ ለአበባና ለከተማ ይሳባል፣ ከራሱ ከአቢጃታም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ይወሰዳል። ውኃው እየመረረ ሲሄድ ዓሣው አለቀ፤ በሻላ ደሴቶች የሚራቡት ይብራዎችም ለዓሣ እስከ ዝዋይ መብረር ግድ ሆነባቸው። ልብ በሉ፣ አቢጃታና ሻላ እ.ኤ.አ. በ1974 ፓርክ የተባሉ ናቸው። ቆቃ፣ በ1960 የተጠናቀቀው ግድብ የፈጠረው ሐይቅ፣ ከሞጆ በኩል በሚገባው የፋብሪካ ፍሳሽና በአረንጓዴ አልጌ የሚታወቅ ሆኗል። ከዚያ ውኃ የሚጠጣው ወፍ ብቻ ሳይሆን በዳሩ የሚኖረው ገበሬና ከብቱም ነው።

«አበባው ሥራ ፈጥሯል፣ መስኖው ሽንኩርትና ቲማቲም ያበላናል፣ ወፍ ከሰው ይበልጣል ወይ?» የሚል አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በባቱና በመቂ ስንት ቤተሰብ በዚያ ውኃ እንደሚኖር አውቃለሁ። መልሴ ግን ወፏና ገበሬው የሚጠጡት አንድ ሐይቅ ነው የሚል ነው። አይቢሷ ስትሄድ የምትሄደው ዓሣው፣ እንቁራሪቱና ደንገሉ ሲያልቅ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዓሣ አጥማጁም መረቡን ጠቅልሏል። ከሐይቅ ማን ምን ያህል እንደሚስብ የሚለካ፣ የሚያስከፍልና የሚያስቆም አካል ከሌለ፣ ዛሬ የተፈጠረው ሥራም ከውኃው ጋር አብሮ ይደርቃል። ፓርክ ብሎ ሰሌዳ መትከል ደግሞ ቤተ መቅደስ እንደ መሥራት ነው፤ ስም ይሰጣል እንጂ ውኃ አይሰጥም።

የግብጽ ትምህርት ለእኔ ይኸው ነው። አንድን ፍጡር በስም ማክበር ቀላል ነው። ምስሉን በወርቅ ማስቀረጽ፣ አንገት ላይ ማሰር፣ ሳንቲም ላይ ማተም፣ ባንዲራና አርማ ላይ ማድረግ ይቻላል። እኛም አንበሳውን በአርማ ሞልተን በዱር አሳንሰነዋል። እንስሳውን የሚያኖረው ግን የሚጠጣው ውኃና የሚያድርበት ገደል ነው።

ስለዚህ «ፈርዖን የእኛ ነበር ወይስ አልነበረም» በሚለው ክርክር ሌሊቱን ለምታነጉ ወዳጆቼ አባቶች ለዝንጀሮ የሰጧትን ንግግር ላስታውሳችሁ። መላ አካሏ እሾህ ተወግቶ «ከየቱ እንንቀልልሽ?» ሲሏት «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ይባላል። የቶት ዝንጀሮ ጥበበኛ ነው ካሉ ይህን ጥበቡን እንውሰድ። የጥንቱ ክብር የማን እንደነበረ ቀስ ብለን እንከራከራለን። መጀመሪያ የመቀመጫችንን፤ ዝዋይን፣ አቢጃታን፣ ቆቃን፣ አዋሽን።

ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይ ከባቱ፣ ከመቂ፣ ከሞጆና ከመተሐራ የምታነቡ፣ በየአካባቢያችሁ የምታዩትን አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን። ቸር እንሰንብት።